ቀስቱና መቀሱ

ድንኳኑ የተተከለው ከቤታችን ሦስት አጥር ተሻግሮ፣ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ ነበር። ነሐሴ ነው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን ስለሸፈናት፣ ከድንኳኑ አፍ ላይ የሚቆመውን ሰው ፊቱን መለየት ያስቸግራል። የሟች እናትና የእኔ እናት ከሠላሳ ዓመት በላይ ቡና ተጠራርተዋል። አንዷ ዓርብ መስጊድ፣ ሌላዋ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ እንጂ ጀበናቸው አንድ ነበር ማለት ይቻላል። ስለዚህ በሠልስቱ ዕለት እናቴ ከሐዘንተኛዋ ጎን መቀመጧን ማንም ልብ አላለውም።

የራሷን ንፍሮ ጨርሳ እጇን ወደ ሌላ ሰው ሳህን ሰደደች። ይህንንም ምናልባት እኔ ብቻ ነበርኩ ያየሁት። ከዚያ አልቃሿ የልጁን ደግነት እያነሳች ሰውን ስታስለቅስ፣ እናቴ ሳቀች። ፈገግታ አልነበረም፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «ጀበናዬን የሰበረው እሱ አይደል?» አለች ጮክ ብላ። ድንኳኑ ጭጭ አለ።

ክንዷን ይዤ አስወጣኋት። አያያዜ እናት የሚያዝበት አያያዝ አልነበረም። ከድንኳኑ ጀርባ፣ ጭቃው ላይ ቆመን፣ «እማ፣ አታፍሪም?» አልኳት። ዓይኗ ውስጥ ድንጋጤ ፈለግኩ፤ አጣሁ። መልሱን በትክክል ሠርቶ «ተሳስተሃል» እንደተባለ ተማሪ አየችኝና «ምን አጠፋሁ? አልሰበረም?» አለችኝ።

ሰብሯል። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ በጨርቅ ኳስ ሰብሮባታል። ቀኑን ታውቃለች፤ ኳሱ ከማን አሮጌ ካልሲ እንደተሠራ ታውቃለች። ከተናገረችው ውስጥ አንድ የተሳሳተ ቃል የለም። የተሳሳተው የገባበት ቦታ ነው። ይህን ለራሴ ያልኩት እዚያው ጭቃው ላይ ቆሜ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

ጂን ነው

ወሎ ውስጥ ሰው የሚመዘነው በአንደበቱ ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለውን ተረት እናቴ ለእኛ ማሳደጊያ ዱላ አድርጋ ተጠቅማበታለች። የተቆጣን ሰው «አብሽር» ብላ የምታበርድ፣ ቡና ስታፈላ እንግዳው ሳይቀምስ ስኒ ወደ አፏ የማታስጠጋ ሴት ነበረች። እንዲህ ያለች ሴት በድንገት ለቅሶ ላይ ስትስቅ ሰፈሩ ምክንያት መፈለጉ አይቀርም። አንዳንዱ «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» አለ። ግን ገና ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነበር። የአባቴ እህት «ጂን ነው» ብላ ደመደመች።

ዱዓ ተደረገ። ሐዘንተኛዋ ጎረቤታችን ራሷ፣ የልጇን አርባ ሳታወጣ፣ በውሃ ጠርሙስ ጠበል ይዛ መጣች፤ እናቴም «ቢስሚላህ» ብላ ጠጣችው። (ይህን ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ስለማይቻል አልሞክርም።) ወራት አለፉ። እናቴ ገበያ ላይ ያልከፈለችበትን ሎሚ አንስታ መሄድ፣ ለማታውቀው ሰው ስለ ቁመናው መናገር፣ ቀኑን ሙሉ ከረሜላ መብላት ጀመረች። በመጨረሻ አዲስ አበባ ወስደናት የነርቭ ሐኪሙ የኤምአርአዩን ፎቶ በመስኮቱ ብርሃን አንጻር ይዞ አሳየን። የአንጎሏ የፊት ክፍልና የጆሮ ግንድ አካባቢው ኮስሷል። ስሙ ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ ይባላል አለን። አልዛይመር አብዛኛውን ጊዜ ከማስታወስ ሲጀምር፣ ይህኛው ብዙ ጊዜ ከጠባይ ወይም ከንግግር ይጀምራል፤ በአብዛኛውም ከ45 እስከ 65 ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው የሚገለጠው። እፍረት፣ ይሉኝታ፣ የሰውን ስሜት መረዳት የሚሠሩት በዚያ በኮሰሰው በኩል ነው። እኔ ጭቃው ላይ ቆሜ «አታፍሪም?» ስላት፣ እግሩ የተሰበረን ሰው ለምን አትሮጥም እያልኩ ነበር።

ሐኪሙ «ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው ነበር? አንዳንዱ ከጂን ጋር የተያያዘ ነው» ሲል አክስቴ ከወንበሯ ብድግ አለች። «እኔስ ድሮ ምን አልኩ!»

በስንት ወር የመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን። ሐኪሙም ሳቀ። እሱ የሚለው ጂን፣ ከወላጅ የሚወረሰው ዘረመል፣ እና እሷ የምትለው ጂን በአማርኛ አጻጻፋቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ከግራና ከቀኝ ያለው ወሬ ብቻ ነው። ለጥያቄው ግን መልስ አልነበረንም። የእናቴ እናት በሰባ ሰባቱ ድርቅ አርባ ዓመት ሳይሞላት ሞታለች። የአያቴ ወንድሞችም እንዲሁ። በሽታው ቢኖርባቸው እንኳን ሊገለጥበት ወደሚችልበት ዕድሜ አልደረሱም። ሐኪሙ ቅጹ ላይ በዚያ መስመር ጭረት አድርጎ አለፈ።

ለፈተና አይመጣም

ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው። በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሦስት ቃልና ሁለት ቀስት እጽፋለሁ፤ ዲ ኤን ኤ፣ ቀስት፣ አር ኤን ኤ፣ ቀስት፣ ፕሮቲን። ዲ ኤን ኤ በሕዋሱ እምብርት፣ በኒውክለስ ውስጥ፣ ያለው መዝገብ ነው፣ አር ኤን ኤ ከመዝገቡ የተገለበጠው ቅጂ፣ ፕሮቲን ደግሞ በቅጂው መሠረት የሚሠራው ዕቃ። ቀላል ነው፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። አንድ ዓመት አንዲት ተማሪ በመጽሐፉ ሥዕል ላይ ጣቷን አድርጋ «መምህር፣ አር ኤን ኤው ከኒውክለስ ሲወጣ ለምን አጠረ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ይቆረጣል። ለፈተና አይመጣም» አልኳት። ደብተሯ ላይ ጻፈችው። «ለፈተና አይመጣም» የሚለውንም ጭምር።

ለፈተና አይመጣም ያልኩት ነገር ቤቴ መጣ። ከአዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ማታ ማታ እናቴ ከተኛች በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ያን ቀን ያለፍኩት ነገር ከቀስቱ ሥር ተቀምጦ ቆየኝ።

1977 ሲባል የወሎ ሰው የሚሰማው ድርቁን ነው። በፈረንጆቹ 1977፣ ማለትም በእኛ 1969 ገደማ፣ ፊሊፕ ሻርፕና ሪቻርድ ሮበርትስ የሚመሯቸው ሁለት ቡድኖች በየፊናቸው አዴኖቫይረስ የሚባለውን ቫይረስ ይመረምሩ ነበር። ቅጂውን ከመዝገቡ ጋር አጣምረው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ መዝገቡ በየመካከሉ ጥንድ አጥቶ እንደ ቀለበት ተንጠልጥሎ ተገኘ። በመዝገቡ ላይ ያለ፣ በቅጂው ላይ ግን የሌለ ጽሑፍ ነበር ማለት ነው። ለዚህ ግኝት እ.ኤ.አ. በ1993 ኖቤል ተሸለሙ። ከዚያ ወዲህ እንደሚታወቀው ጂኑ መጀመሪያ የሚገለበጠው ከነኮተቱ ነው። ከዚያ የሚጣሉት ክፍሎች፣ ኢንትሮኖቹ፣ ተቆርጠው ይወጣሉ፤ የሚቀሩት ኤክሶኖች ደግሞ ጫፍ ለጫፍ ይቀጠላሉ። የፈረንጅ ስሙ ስፕላይሲንግ ነው፤ ለእኔ «ቆርጦ መቀጠል» ይሻለኛል።

መቀሱ ስፕላይሶዞም ይባላል። አምስት ትንንሽ አር ኤን ኤዎችና ከመቶ በላይ ፕሮቲኖች እየተሰበሰቡ የሚሠሩት ነው። የት እንደሚቆርጥ የሚያውቀው በምልክት ነው፤ ኢንትሮን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በጂ እና በዩ በሚባሉት ኬሚካላዊ ፊደላት ጀምሮ በኤ እና በጂ ይጨርሳል። መጀመሪያ መጥቶ የኢንትሮኑን መነሻ የሚይዘው ዩ1 የሚባለው ክፍል ነው። አር ኤን ኤ በሦስት በሦስት ፊደል ስለሚነበብ፣ መቀሱ በአንዲት ፊደል ከሳተ ከዚያ ወዲያ ያለው ንባብ ሁሉ ይፈርሳል።

ግን መቀሱ ሁልጊዜ በአንድ ልክ አይቆርጥም፤ መቁረጥም የለበትም። «አስተማሪ» ከሚለው ቃል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ብትጥሉ «ተማሪ» ይቀራል። ሁለቱም ደህና ቃል ናቸው፤ ትምህርት ቤትም ሁለቱንም ይፈልጋል። ሰውነታችን 20 ሺህ በሚጠጉ ፕሮቲን ሠሪ ጂኖች ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ዓይነት ፕሮቲን የሚያወጣው አንዱን ኤክሶን አንዴ እያስገባ፣ አንዴ እየዘለለ ነው። በዚህ ጥበብ አብዝቶ ከሚጠቀሙት አካላት አንዱ አንጎል ነው። ስለዚህ መቀሱ ሲሳሳት አንጎል አብዝቶ ቢጎዳ አይገርምም።

አሥራ ስድስተኛዋ ፊደል

ታው የሚባል ፕሮቲን አለ። በነርቭ ሕዋስ ውስጥ እንደ ሐዲድ የሚያገለግሉ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ ታው እነሱን የሚያጸና ማሰሪያ ነው። ጂኑ በክሮሞሶም 17 ላይ ይገኛል። ኤክሶን 2፣ 3 እና 10 አንዴ ስለሚገቡ አንዴ ስለሚዘለሉ በአዋቂ ሰው አንጎል ውስጥ ስድስት ዓይነት ታው አለ። ዋናው 10ኛው ነው። እሱ ከገባ ታው ቱቦውን የሚይዝባቸው መንጠቆዎች አራት ይሆናሉ፤ ከተዘለለ ሦስት። በጤነኛ አዋቂ አንጎል ባለ ሦስቱና ባለ አራቱ በመጠን ይቀራረባሉ።

እ.ኤ.አ. በ1998 ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ በዘር የሚተላለፍባቸው ቤተሰቦች ተመርምረው በታው ጂን ላይ ለውጦች ተገኙ። አንዳንዶቹ የፕሮቲኑን ግንብ ራሱን የሚቀይሩ ናቸው። ይህ አላስደነቀኝም፤ ፊደል ተበላሽቶ ዕቃው ተበላሸ፣ እንዳስተማርኩት። ከለውጦቹ አንዷ ግን ከእንቅልፌ አስተጓጎለችኝ። ከ10ኛው ኤክሶን ጫፍ 16 ፊደል አልፋ የተቀመጠች አንዲት ሲ ወደ ቲ ተቀይራለች። ያለችው ኢንትሮኑ ውስጥ ነው፤ ተቆርጦ በሚጣለው ክፍል።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የምትጣል ፊደል ናት! ከፕሮቲኑ ውስጥ በፍጹም አትገባም። እያንዳንዱ ታው ለብቻው ቢመዘን ልክ ነው፤ ከጤነኛ ሰው ታው በአንዲት ነጥብ አይለይም። አር ኤን ኤው በዚያ ድንበር ላይ በራሱ ላይ ታጥፎ፣ ዩ1 የሚይዘውን ቦታ በከፊል ይሸፍናል። ፊደሏ ስትቀየር እጥፋቱ ይላላል፤ ዩ1 ድንበሩን ከሚገባው በላይ ይይዛል፤ 10ኛው ኤክሶን ከልኩ በላይ ይገባል፤ ባለ አራት መንጠቆው ታው ይበዛል። ሌላ ምንም የለም። የተበላሸው ሚዛኑ ብቻ ነው። እሱ ብቻውን ግን ታው በነርቭ ሕዋስ ውስጥ እንዲከማች፣ ሰውየውም በሃምሳዎቹ ዕድሜው ዘመዶቹ የማያውቁት ሰው እንዲሆን ይበቃል።

እኔ በእናቴ ላይ የተሳሳተ ቃል ስፈልግ ነበር የቆየሁት። እንደ መርማሪ እጠይቃታለሁ፤ ዛሬ ምን ቀን ነው፣ የልጅ ልጅሽ ስም ማን ነው፣ ስንት ብር ሰጠሁሽ። ሁሉንም ትመልሳለች። ትክክል መመለሷ ያናድደኝ ነበር፤ እያወቀች የምታደርገው ይመስለኝ ነበርና። የዚያን ሌሊት፣ ሁሉም ፊደል ልክ ሆኖ ሰው ሊታመም እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ።

ራሴን መግታት ያለብኝ እዚህ ላይ ነው። ያለቦታው የገባ ወሬና ከልኩ በላይ የገባ ኤክሶን ይመሳሰላሉ ማለት አንዱ ሌላውን ወለደ ማለት አይደለም። በመካከላቸው ሚሊዮን የሞቱ ሕዋሳት አሉ። የእናቴ በሽታ ይህችን ፊደል የያዘ ነው የሚል ማስረጃም የለኝም፤ ጂኗ አልተመረመረም። በሽታዎቹ ራሳቸው በታው ዓይነት ይለያያሉ። ፒክ በሚባለው በሽታ የሚከማቸው ባለ ሦስት መንጠቆው ነው፤ መውደቅንና የዓይን መገተርን በሚያመጣው ሱፕራኑክሊየር ፖልዚ ባለ አራቱ፤ በአልዛይመር ሁለቱም።

ከበሩ የጠፋው ዘበኛ

ከፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ ሕሙማን ግማሽ በሚጠጉት አንጎል ውስጥ ደግሞ የታው ክምችት አይገኝም። የሚገኘው ቲዲፒ 43 የሚባል ፕሮቲን ክምችት ነው፤ ይህም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የዚህ ፕሮቲን የዘወትር ቦታው ኒውክለስ ውስጥ ነው፤ ከሥራዎቹም አንዱ ዘበኝነት ነው። በኢንትሮን ውስጥ ኤክሶን የሚመስሉ ውሸተኛ ቁራጮች ስላሉ፣ መቀሱ ተታሎ እንዳያስቀራቸው ይከልላቸዋል። በበሽታው ጊዜ ቲዲፒ 43 ከኒውክለሱ ወጥቶ ውጭ ላይ ይከመራል። ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ የተመለከቱት ክምሩን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን በሩ ባዶ መቅረቱ የሚያስከትለው ታየ፤ ሊጣሉ የሚገባቸው ቁራጮች ከኤክሶኖቹ መካከል እየገቡ ነው። «አስተማሪ» መሆን የነበረበት «አስተጭራሮማሪ» ይሆናል። ስታትሚን 2 የሚባለው የነርቭ ክሮች እንዲያድጉና እንዲጠገኑ የሚረዳ ፕሮቲን በዚህ መንገድ መልእክቱ ከመጀመሪያው ተቆርጦ እንደሚቀር በ2019 ተገለጸ።

አልዛይመርም ከዚህ ነጻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአልዛይመር ሕሙማን አንጎል ውስጥ ከተከማቹት ፕሮቲኖች መካከል የዩ1 ክፍል የሆነው ዩ1-70ኬ ተገኝቷል፤ ሳይቆረጡ የቀሩ አር ኤን ኤዎችም አብረው በዝተው ታዩ። ዩ1 ማለት ያ ድንበሩን መጀመሪያ የሚይዘው ነው። መቀሱ ራሱ ከቆሻሻው ክምር ውስጥ ተገኘ እንደማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ቀስት አይደለም፤ የተሳሳተ አቆራረጥ ፕሮቲንን ያበላሻል፣ የተበላሸው ፕሮቲን ተመልሶ አቆራረጡን ያበላሻል።

መቀሱን ማረም ይቻላል? በሌላ በሽታ ተችሏል። ኑሲነርሰን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በሕፃናት ላይ ጡንቻን ለሚያመነምን የአከርካሪ ነርቭ በሽታ ነው፤ አር ኤን ኤው ላይ ተለጥፎ አንድ ኤክሶን እንዳይዘለል ያደርጋል። ለእናቴ በሽታ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሐኪሙ የሰጠን ምክር ነው፤ አትከራከሯት፣ አትውቀሷት፣ ገንዘብ እጇ ላይ አታስቀምጡ።

በሚቀጥለው ዓመት ሰሌዳው ላይ ከመጀመሪያው አር ኤን ኤ አጠገብ መቀስ ሣልኩ። ሥዕል አልችልም፤ ተማሪዎቹ መነጽር ነው ብለው ተከራከሩ። ያቺ ጠያቂዬ ትምህርቷን ጨርሳ ሄዳለች።

አቦል

አሁን ቡናውን የምታፈላው እህቴ ናት። እናቴ ከረከቦቱ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ጭሱ ወደ እሷ ሲሄድ ዓይኗን ጨፍና ትስበዋለች። አቦሉ ሲቀዳ የእንግዳውን ስኒ ታነሳና ቀድማ ትጠጣዋለች። እህቴ ዝም ብላ ሌላ ትቀዳለች። ለዚህ ሲባል ከረከቦቱ ላይ ሁልጊዜ አንድ ስኒ ይተርፋል።

ባለፈው ወር ያች ጎረቤታችን መጣች። ከለቅሶው ወዲህ ትመጣለች፣ እኛም እንሄዳለን፤ የልጇን ስም ግን በፊቷ ማንም አያነሳም። እንዳይብሳት ብለን ነው። እናቴ ስኒዋን አስቀምጣ አየቻትና «ጀበናዬን የሰበረው ልጅሽ» አለች።

ሳላስበው ተነሳሁ፤ እጄ ወደ ክንዷ ሊሄድ ነው። ጎረቤታችን መዳፏን ወደ እኔ ዘርግታ አስቆመችኝ።

«አዎ፣ እሱ ነው» አለቻት። «ያን ቀን ገርፌዋለሁ፣ እጄን ይቁረጠው።» ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ጥቂት ቆየች። «እህቴ፣ ኳሱስ ምን ይመስል ነበር?»

እናቴ ነገረቻት።